ከግዢው በፊት ስሌቱ ይቅደም

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ከተሞች ወጣ ሲባል የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰበት ገጠር ብዙ ነው። በዚህ ገጠር በርበሬና በቆሎ ወደ ገበያ፣ ሕመምተኛን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሞተር ብስክሌት የሚንቀሳቀሰው በቤንዚን ነው። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣቱ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ የብዙዎችን ዓይን ወደ ኤሌክትሪክ መልሷል። መስመር በሌለበት ቀበሌም «ባትሪው በፀሐይ ይሞላል» የሚለው የሻጭ ቃል ጆሮ ማግኘቱ አያስገርምም።

ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ስሌት ይጎድለዋል። ባትሪ የሚይዘው ኃይል የሚታወቀው ቮልቱ በአምፔር ሰዓቱ ሲባዛ ነው። ባለ 48 ቮልትና ባለ 10 አምፔር ሰዓት የብስክሌት ባትሪ 480 ዋት ሰዓት፣ ባለ 72 ቮልትና ባለ 20 አምፔር ሰዓት የሞተር ባትሪ ደግሞ 1440 ዋት ሰዓት ይይዛል። እየታጠፈ የሚያዝ ባለ 100 ዋት ሶላር ፓኔል በጥርት የበጋ ቀን የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 500 ዋት ሰዓት ይሰጣል። በሙቀት፣ በአቧራና በመሙያው የሚባክነው ሩቡ ሲቀነስ 375 ይቀራል። እንግዲህ አንድ ፓኔል ብስክሌቱን ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ፣ ሞተሩን ለመሙላት 4 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ሞተሩን በአንድ ቀን ለመሙላት እንዲህ ያሉ 4 ፓኔሎች ያስፈልጋሉ። ክረምት ሲገባና ደመናው ሲከብድ ደግሞ ኃይሉ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። ፀሐይ የምታበራው ሞተሩ መንገድ ላይ በሚውልበት ሰዓት ነው። ስለዚህ አንዱ ባትሪ ሲሠራ ሌላው ከፓኔሉ ሥር እንዲውል ሁለት ባትሪ ያስፈልጋል፤ ወጪውም በዚሁ መጠን ይታሰባል።

ፓኔሉን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ማገናኘት አይገባም። ለባትሪው ዓይነትና ቮልት የተሠራ መቆጣጠሪያ በመካከላቸው መግባት አለበት። ሊቲየም ባትሪ ያለ አግባብ ሲሞላ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ከጭድና ከድርቆሽ ርቆ በጥላ ሥር መሞላት ይኖርበታል።

የማኅበር ገንዘብ የአባላት ላብ ነው። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ዐሥር ሞተር በአንድ ጊዜ ከማዘዝ ይልቅ በአንዱ ጀምረው በጋውንም ክረምቱንም ሊፈትኑት፣ በየቀኑ የተሄደውን ኪሎ ሜትርና ለመሙላት የፈጀውን ሰዓት በመዝገብ ሊያሰፍሩ ይገባል። ሻጩም ቮልቱን፣ አምፔር ሰዓቱንና የዋስትናውን ዘመን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠየቅ። በደመናማ ወራት በገበያ ቀን ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ከመስመር የሚሞላበት ዘዴም አስቀድሞ ይዘጋጅ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንዲሉ፣ ዛሬ በወረቀት ላይ የሚደረገው ስሌት ነገ በአባላት ስብሰባ ፊት ከሚመጣው ጥያቄ ያድናል።