ከስፒከሩ በፊት መርፌው ይታይ

የሸክላ ማጫወቻቸውን ከዓመት ወደ ዓመት የሚያሻሽሉ ወዳጆቻችን ገንዘባቸውን በቅድሚያ በስፒከር ላይ ሲያፈሱ እናያለን። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ስፒከር በእንግዳ መቀበያው ክፍል ቆሞ ይታያል፤ ትልቅነቱም ባለቤቱን ያስከብራል። የመርፌውን ጫፍ ግን ያለ አጉሊ መነጽር የሚያየው እንግዳ የለም። እኛ ይህን ልማድ አጥብቀን እንቃወማለን፤ የምንቃወመውም ለገንዘቡ ተቆርቁረን አይደለም፤ በገንዘቡስ ማንም የወደደውን ቢያደርግ መብቱ ነው።

የሸክላ ድምፅ የተቀረጸው በጠባብ ፈር ግድግዳ ላይ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የኮሎምቢያ ኩባንያ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረውን ሸክላ ካወጣ ወዲህ ፈሩ ከቀድሞው የ78 ዙር ሸክላ ፈር እጅግ ጠቧል። ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስቴሪዮ ሸክላ ሲስፋፋ ደግሞ ግራና ቀኙ ግድግዳ የየራሱን ድምፅ ተሸከመ፤ መርፌውም ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ጭምር መንቀሳቀስ ግዴታው ሆነ። እርሱ ያላነሣውን ድምፅ ከእርሱ በኋላ ያለ መሣሪያ ሁሉ ሊፈጥረው አይችልም። ውድ ስፒከር ገዝቶ በአለቀ መርፌ ሙዚቃ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

የሚከራከሩን ሰዎች «ጆሯችን ከሁሉ አብልጦ የሚሰማው የስፒከሩን ልዩነት ነው» ይሉናል። በዚህስ እውነት አላቸው። ነገር ግን መጥፎ ስፒከር ሸክላ አያበላሽም፤ ዛሬ ቢከፋ ነገ ይለወጣል። የአልማዝ መርፌ እንኳ ከብዙ መቶ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ጎኑ ይላጫል፤ የተላጨውም ጎን ስለት ሆኖ የፈሩን ግድግዳ ይፍቃል። የተፋቀውን ማንም አይመልሰውም። አንዳንዶችም ለሸክላው የራሩ መስሏቸው የመርፌውን ክብደት ሠሪው ከወሰነው በታች ያቀልሉታል፤ ያን ጊዜ መርፌው ፈሩን በሚገባ መከተል አቅቶት እየዘለለ ግድግዳውን ይደበድባል።

በአገራችን ደግሞ ነገሩ ከቤት ጌጥ ያልፋል። አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ያሳተማቸው የ45 ዙር ሸክላዎች ከመቶ ይበልጣሉ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በፈረንሳይ አገር የወጣው «ኢትዮጲክ» የተባለው ተከታታይ እትም ከነዚያ ዘፈኖች ብዙዎቹን አድኗል፤ ሁሉን ግን አላዳነም። ያልተዳነው ዘፈን ያለው በየሰዉ ቤት፣ በየሣጥኑ ውስጥ ነው። ዛሬ ሸክላውን ወደ ኮምፒዩተር ገልብጦ ለሕዝብ የሚያሰማ ሁሉ፣ የሚገለብጠው መርፌው ያነበበለትን ብቻ ነው፤ መርፌው ያረጀ ከሆነም ቅጂውን ሲያወጣ ዋናውን እያጠፋ ነው።

ስለዚህ ደመወዝተኛው ሰው በመጀመሪያ አዲስ መርፌ፣ የአቧራ ብሩሽና የመርፌውን ክብደት የሚለካ ትንሽ ሚዛን ይግዛ። ከዚያ ወደ ክንዱና ወደ ማዞሪያው ይለፍ፤ አምፕሊፋየሩ ይከተል፤ ስፒከሩ የመጨረሻውን ጉርሻ ይጠብቅ። ይህ ቅደም ተከተል የማይጥመው ወዳጃችን ቢኖር፣ ከነዚያ ትልልቅ ሣጥኖቹ ፊት ቆሞ፣ መርፌው እስከ ዛሬ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ይንገረን።