ማይሊ ሳይረስ አብዳ ነበር ወይስ አስልታ?

በ2013 ማይሊ ሳይረስ «አብዳለች» ተባለች (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ያቺ የዲዝኒ ጨዋ ልጅ ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣ፣ «ሬኪንግ ቦል» በሚለው ክሊፕ ራቁቷን ትልቅ የብረት ኳስ ላይ ተቀምጣ ስትወዛወዝ ታየች። ክሊፑ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ19 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። ለቪቮ በጊዜው አዲስ ሪከርድ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

«ሃና ሞንታና» በ2006 ሲጀመር ማይሊ 13 ዓመቷ ነበር። ታሪኩ ቀን ተራ ተማሪ፣ መድረክ ላይ ደግሞ ዊግ አጥልቃ ኮከብ ስለምትሆን ልጅ ነው። አባቷን ሆኖ የሚተውነውም ወላጅ አባቷ ቢሊ ሬይ ሳይረስ ነው። ታዲያ ተመልካቹ ሃናን ከማይሊ መለየት ቢያቅተው ይገርማል? ድራማው በ2011 አለቀ። በሰው ጭንቅላት ውስጥ ግን ሃና ልጅ ሆና ቀረች።

ከዚያ ለመውጣት መጀመሪያ የሞከረችው በ2010 ነው። «ካንት ቢ ቴምድ» በሚለው ክሊፕ ክንፍ አውጥታ፣ ሙዚየም ውስጥ በፍርግርግ ተዘግቶባት ሰው ሲጎበኛት ይታያል። መልእክቱ ልቀቁኝ ነው። አልበሙ ግን ከቀደሙት ያነሰ ተሸጠ።

በ2013 ምን ተቀየረ? አንዱ የጨዋታው ሕግ ነው። ቢልቦርድ በዚያ ዓመት የካቲት ወር ላይ የዩቲዩብ እይታን ለዋናው የዘፈን ደረጃ መቁጠር ጀመረ። ቆጣሪው ደግሞ ወደህ ይሁን ተናደህ አይጠይቅም። «ኧረ ይቺን ጉድ እዩ» ብሎ ሼር ያደረገውም፣ አድናቂውም እኩል ናቸው። «ሬኪንግ ቦል» ክሊፑ በወጣ በሳምንታት ውስጥ 1ኛ ሆነ፤ በዚያ ሰንጠረዥ የመጀመሪያዋ ነው። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አንድ ሰው በክሊፑ ቀልዶ የሠራው ቪዲዮ ሲሰራጭ ዘፈኑ ተመልሶ 1ኛ ወጣ። የተሳቀባትም ለእሷ ተቆጠረ ማለት ነው።

ስሌቱ ሠርቷል። ዋጋ ግን አለው። በ2017 ራሷ እንደተናገረችው፣ ያ የብረት ኳስ ዕድሜ ልኳን አይለቃትም። ከአንዱ ምስል አምልጣ ሌላው ውስጥ ገባች።

ለዚህ ነው የ2023ቱ ክሊፖች የሚለዩት። «ፍላወርስ» ላይ ብቻዋን ናት፤ ትሮጣለች፣ ትዋኛለች፣ ትጨፍራለች። የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ዘፈኑ ግን 8 ሳምንት 1ኛ ሆኖ ቆየ፤ በ2024 የመጀመሪያዎቹን ግራሚዎቿን አመጣላት። «ዩዝድ ቱ ቢ ያንግ» ላይ ደግሞ የሚኪ ማውስ ምስል ያለበት ልብስ ለብሳ፣ እንባ እያቀረረች ካሜራውን ትኩር ብላ ታያለች። የዲዝኒዋን ልጅም፣ የ2013ቷንም አልካደችም። ሁለቱም እኔ ነበርኩ ያለች ይመስላል።

ይሄ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ዛሬ ልጅን ኮከብ ለማድረግ ዲዝኒ አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል። ቲክቶክ ላይ «ስታምር!» እያልን ላይክ የምናደርጋቸው ሕፃናት የዛሬ 10 ዓመት ሌላ ሰው ሆነው ይመጣሉ። ያኔ ኮመንት ላይ «ተበላሸች» ብለን ከመጻፋችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ፦ ልጅነቷን ቪው ያደረግነው እኛው ነን።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?