ስለ ቺፕ ስናወራ የምንዘለው ነገር

የአሜሪካና የቻይና የቺፕ ፍጥጫ በተነሳ ቁጥር ወሬው ስለ ገንዘብና ስለ ፋብሪካ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ባጸደቀችው የቺፕስ ሕግ 52.7 ቢሊዮን ዶላር መደበች፤ ከዚህ ውስጥ 39 ቢሊዮኑ ለማምረቻ ማበረታቻ ነው። በዚያው ዓመት የላቁ ቺፖችና የመሥሪያ ማሽኖቻቸው ወደ ቻይና እንዳይሸጡ ገደብ ጣለች። ይህን ያየ ሰው “ገንዘብና ማሽን ያለው አገር ቺፕ ይሠራል” ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

እኔ ግን ድምዳሜው ጎዶሎ ነው እላለሁ። ከፋብሪካው በፊት አሥርት ዓመታት የፈጀ፣ ማንም ያላጨበጨበለት ዕውቀት አለ። ለማሳያ አንድ ነገር ብቻ ልውሰድ፦ ሲሊከን ላይ የሚነጠፍ ስስ ብረት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራንዚስተር ከሲሊከን ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ የሚያደርሱለት መስመሮች ግን ብረት ናቸው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ካላሳለፈ ቺፑ ይግላል፣ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ በናኖሜትር የሚለካ ስስ ብረት ሲሊከኑ ላይ ይደረግና እንዲሞቅ ይደረጋል። ያኔ ብረቱ እንደ ግድግዳ ቀለም ላዩ ላይ ተለጥፎ አይቀርም፤ ከሲሊከኑ ጋር ተዋህዶ ሲሊሳይድ የሚባል አዲስ ነገር ይሆናል። ችግሩ ይህ ውህድ አንድ መልክ ብቻ የለውም። እንደ ሙቀቱና እንደ ንጣፉ ውፍረት የአቶሞቹ አደራደር ይለያያል፤ አንዱ አደራደር ኤሌክትሪክን በደንብ ያሳልፋል፣ ሌላው ያንገራግራል።

ለዓመታት የተመረጠው ቲታኒየም ነበር። መጀመሪያ የሚሠራው ውህድ ኤሌክትሪክን ይገታል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ግን አደራደሩ ተቀይሮ ግታቱ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ትራንዚስተሮቹ እያነሱ ሲመጡ ይህ ለውጥ በጠባቡ መስመር ላይ እምቢ አለ፤ የሚጀምርበት ነጥብ አነሰው። ቲታኒየም ለኮባልት ቦታውን ለቀቀ። ኮባልት ደግሞ ሲሊከን ይበላል፦ 1 ናኖሜትር ኮባልት 3.6 ናኖሜትር ያህል ሲሊከን ይጨርሳል። ቀጥሎ የዚያን ግማሽ ብቻ የሚፈልገው ኒኬል መጣ። እሱም የራሱ አመል አለው፤ ሙቀት ሲበዛበት ንጣፉ ተቆራርሶ ይጠራቀማል፣ ወይም ወደሚያንገራግረው መልክ ይቀየራል። መፍትሔው ትንሽ ፕላቲነም ጣል ማድረግ ሆነ። ይህን “ትንሽ” ለማግኘት ስንት ሙከራ እንደሚከሽፍ ልብ በሉ።

እሱም ቢሆን ብረት ከተጨመረ በኋላ ያለው ነው። ባዶው የሲሊከን ገጽ ራሱ ሰውን ምን ያህል እንዳስቸገረ እንይ። ከሲሊከን ገጾች አንዱ በባዶ አየር ውስጥ ጸድቶ ሲሞቅ የላይኞቹ አቶሞች ቦታቸውን ለቀው በ7 በ7 ስፋት የሚደጋገም ጥለት ይሠራሉ። ጥለቱ መኖሩ በ1959 ታወቀ። በ1983 በዙሪክ የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ጌርድ ቢኒግና ሄንሪክ ሮረር ከባልደረቦቻቸው ጋር በአዲሱ ማይክሮስኮፓቸው አቶም በአቶም አሳዩት። አደራደሩን በትክክል የገለጸው የጃፓኑ ታካያናጊ ቡድን ሞዴል የወጣው ግን በ1985 ነው። ለአንድ ባዶ ገጽ 26 ዓመት! እኛ “ላይ ላዩን” ስንል መናቃችን ነው፤ እዚህ ግን ከባዱ ነገር ላዩ ነው።

“ጥናቱ ታትሟል፤ አንብቦ መሥራት ነው” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ብዙው ታትሟል። ማሽኑም ያለ ገንዘብ አይገኝም። ነገር ግን የእንጀራ አሠራር በጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ዓይን ያለው እንጀራ አያወጣም። በየስንት ዲግሪው፣ ለስንት ሰከንድ፣ በምን ንጽሕና የሚለው ዕውቀት ያለው ደጋግመው የሞከሩ ሰዎች እጅ ላይ ነው። ማሽን በትእዛዝ ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን በአንድ የበጀት ዓመት አይፈራም።

ስለዚህ የትኛውም መንግሥት “የቺፕ ባለቤት ልሆን ነው” ሲል ሪባን የተቆረጠበትን ፎቶ ብቻ አንይ። ስንት ቤተ ሙከራ አለው? ተመራማሪዎቹ ለሃያ ዓመት አንድ ጥያቄ ላይ እንዲቆዩ ይፈቀድላቸዋል? “ይህ ምን ይጠቅማል?” እየተባለ በጀታቸው ይቆረጣል? ፋብሪካውን ሥራ ላይ የሚያቆየው የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።