ለልጅ ሣጥን የሚበቃ ቁርጥራጭ

በየእንጨት ሥራ ቤቱ በር ላይ በማዳበሪያ ተሞልቶ የሚቆመው ቁርጥራጭ ለማገዶ ነው የሚሸጠው። እጃችሁን ብትሰዱበት ግን የምታገኙት ባሕር ዛፍና ግራቪላ ብቻ አይደለም። ለቁም ሣጥን በር ተለክቶ የተረፈ የክንድ ያህል ዋንዛ፣ ከአልጋ ራስጌ የተቆረጠ ጥድ አለበት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ዛፉን በአዋጅ እንጠብቃለን፤ ትራፊውን ከምጣድ ሥር እንማግዳለን።

እኔ አናጢ ነኝ፤ ይህ ትራፊ የልጆች ሣጥን መሆን አለበት ባይ ነኝ። ወላጆች የመጫወቻ ማስቀመጫ ሲያዝዙ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት በቀለም ያበደ ቺፕውድ ነው። ሲረከቡት ያምራል። ወለሉ በተወለወለ ቁጥር ግን ከሥሩ ውኃ እየጠጣ ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ መላጊያ አይመልሰውም። ዋንዛ ቢጫር ይላጋል፣ ቢላቀቅ በኮላ ይያዛል።

የምሠራው ሣጥን ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱም ቁመቱም 30 ነው። ቁም ነገሩ ክዳኑ ላይ ነው፤ ክዳኑ ገበጣ ነው። እኛ ገበጣን መሬት ቆፍረን፣ ጠጠር ለቅመን ነው የተጫወትነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያድግ ልጅ የት ይቆፍር? ግቢው ኮብልስቶን ነው። ጨዋታው እንደሆነ ከአገር አገር ይለያያል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ዓይነቶቹን ሰብስበው አሳትመዋል። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት አለ፣ ባለ አራትም አለ። እኔ የምቀርጸው ሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ነው፤ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር፣ በድምሩ 48። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ጠጠሩ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነውና የሚልከው።

ክዳኑ አራት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይፈልጋል፤ ጉድጓዱ ሁለት ተኩል ይጠልቃልና። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ከወረደ ትንሽ ጣት ጠጠሩን ማውጣት ያቅተዋል፣ ስለዚህ አፉ እንደ ማንኪያ በጎደጎደ መሮ ከዳር ወደ መሐል እያንሸራተቱ መብላት ነው። የእንጨቱን ዕድገት ተከትሎ ሲሄድ መሮው ይታዘዛል። ዕድገቱን ሲያቋርጥ ግን ይቦጭቃል፤ እዚያ ላይ መሮውን ሞርዶ በስሱ መላጥ እንጂ መዶሻ ማንሳት የለም። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ ሻካራው፣ በኋላ ልሙጡ።

ማጠፊያ አልገጥምለትም። እንዲህ ያለ ክዳን ሦስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ጣት ላይ ቢወድቅ ጨዋታ አይደለም። ተነሥቶ ወለል ላይ ይዘረጋል፣ ሲያበቃ ይመለሳል። ከሥሩ አግድም የሚያልፉት ሁለት ዘንጎች ሣጥኑ ውስጥ ገብተው እንዳይንሸራተት ይይዙታል። ዘንጎቹን በኮላ የሚያጣብቅ አናጢ ካያችሁ ተዉት በሉት፤ እንጨት በክረምት ይነፋል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ መላወሻ ካጣ ይሰነጠቃል። በብሎን ይታሰር፤ ቀዳዳው ትንሽ ሰፋ ይበል። ቁልፍም አይግባበት። ድብብቆሽ የሚጫወት ሕፃን ሣጥን አይመርጥም፤ በሁለቱም ጎን የምተወው የእጅ መያዣ ክፍተት አየርም ያስገባል።

በቫርኒሽ ፋንታ የተልባ ዘይት ከሰም ጋር አቅልጬ እቀባዋለሁ። (ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ እንዳትጥሉት፤ ራሱን በራሱ ያቃጥላል። ዘርግታችሁ አድርቁት።)

ታዲያ ለምን አይሸጥም? ሱቅ ገብቶ የፕላስቲክ መኪና የተባለውን ዋጋ ከፍሎ የሚወጣው አባት እኔ ዘንድ ሲመጣ «ቁርጥራጭ አይደል እንዴ?» ይላል። ቁርጥራጭ ነው። አሥራ ሁለቱ ጉድጓድ ግን በነፃ አይጎደጎድም። አንድ ነጋዴ ደግሞ «የአእምሮ ማጎልበቻ» የሚል ወረቀት ለጥፍበትና ዋጋ ጨምር ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። ልጅ ገበጣ የሚቀመጠው ታላቁን ሊያሸንፍ ነው። ስሌቱን እግረ መንገዱን ይማረዋል፤ ከነገራችሁት ይሰለቸዋል።

ዋጋው የሚወርደው ትእዛዙ ሲበዛ ነው። መዋለ ሕፃናት አሥር ሣጥን በአንዴ ቢያዝዝ ለጉድጓዱ ፎርማ ሠርቼ በራውተር አወጣዋለሁ፤ ለእጅ የሚቀረው ማለስለሱ ብቻ ይሆናል። በመንደሩ ያለ እንጨት ሥራ ቤት ሁሉ ይህን መሥራት ይችላል፣ ማሽኑም ቁርጥራጩም አለው፤ የጎደለው የሚያዝዝ ሰው ነው። የምታዝዙ ወላጆች ግን ክዳኑ ላይ የልጃችሁን ስም ቅረጽ አትበሉኝ። ታናሽ ይመጣል።