ድመት ከማምጣታችሁ በፊት

ቦምቤ ውስጥ የድመት ግልገል ማግኘት ቀላል ነው፤ ጎረቤት በነጻ ይሰጣል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንዲት ሴት በድመት ሰበብ ተቀጥታለች። ዘግታባት አላበላቻትም፤ አድና እንድትበላም አልለቀቀቻትም። እኛስ በር ቆልፈንባት ሶዶ ሄደን ሁለት ሦስት ቀን ስንከርም በምን ተለየን?

ስለዚህ አስቀድማችሁ ሦስት ነገር አዘጋጁ፦ የዕለት ምግብና ንጹሕ ውሃ፣ በሌላችሁበት ቀን የሚያያት ሰው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። በሽታው ድመትንም ይይዛል። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ይህን ካልቻላችሁ ግን አታምጧት። ድመት አማና ናት፤ የማትወጡትን አማና አለመቀበል ነውር የለውም።