ከዋጋው ላይ ምን አስቀነሱ?

የሠርግ ወር ሲገባ፣ የቁልቢ ወይም የግሸን ጉዞ ሲቃረብ፣ ወይም ቤተሰቡ ተሰብስቦ «ዘንድሮስ ሐዋሳ እንኳን ደርሰን እንምጣ» ሲል፣ ከመሃል አንድ ሰው ስልኩን አንሥቶ ሚኒባስ ማፈላለግ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ያ ሰው እርስዎ ነዎት። የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ስንት ነው?» ይሆናል፤ ሁለተኛው «አይቀንስም?» ነው። ሦስተኛው፣ ካለ፣ ስለ ሙዚቃውና ስለ ቲቪው ነው። ሶፋ ስንገዛ እንኳ ከዚህ የበለጠ እንጠይቃለን። ስፖንጁን እንጫናለን፣ እንጨቱን እናንኳኳለን፣ ዋስትናው ለስንት ዓመት እንደሆነ እናጣራለን። እናትና አባታችንን፣ እህት ወንድሞቻችንን ከነልጆቻቸው አሳፍሮ ገደል ዳር ለዳር የሚወርደውን መኪና ግን ጎማውን ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ምርት ለማስተዋወቅ ወደ ክልል ከተሞች በወጣን ቁጥር ሚኒባስ እንከራያለን፤ ስለዚህ ከባለንብረትና ከሹፌር ጋር ዋጋ ስከራከር ዓመታት ተቆጥረዋል። ከሙያው ያገኘሁት አንድ ትምህርት፣ ዋጋ ከምንም ተነሥቶ እንደማይቀንስ ነው። ባለሚኒባሱ ሁለት ወይም ሦስት ሺህ ብር ሲቀንስልዎ ነዳጅ ማደያው አልቀነሰለትም፤ መለዋወጫ ሻጩም አልቀነሰለትም፤ የባንክ ዕዳው ካለም እንዳለ ነው። ልዩነቱን የሚሞላው ሊቀየር ይገባ የነበረውን ጎማ አንድ ጉዞ በመጨመር፣ ሹፌሩን ሳያሳርፍ ለሌላ ሥራ በማሰማራት፣ ወይም መንገድ ላይ «አንድ ሰው ብቻ» እያለ በመጫን ነው። ተከራክረው ያስቀነሱት ገንዘብ ከእነዚህ ከአንዱ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ሲከራከሩ የትኛው ላይ እየተከራከሩ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

ከጭነቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ሚኒባስ የቤት መኪና ተለቅ ተደርጎ የተሠራ ይመስለናል። ግን ከወርዱ አንጻር ቁመቱ ረዥም ነው፤ ሰውም ከፍ ብሎ ይቀመጥበታል። ባዶውን ሲነዱት ታዛዥ የሆነው መኪና ሰው ሲሞላበት ጠባዩ ይለወጣል። አንድን ሰው 65 ኪሎ ብንለው 14 ሰው 910 ኪሎ ነው፣ አንድ ቶን ሊሞላ ጥቂት የቀረው። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ 15 ሰው የሚይዙ ቫኖች 10 ወይም ከዚያ በላይ ሰው አሳፍረው አደጋ ሲደርስባቸው የመገልበጣቸው ነገር ጥቂት ሰው ከያዙት ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ ገልጾ ነበር። እነዚያ ቫኖች የእኛዎቹ «ዶልፊን» እና «አባዱላ» አይደሉም። ምክንያቱ ግን እዚህም ያው ነው፦ ሰው በተጨመረ ቁጥር የመኪናው የክብደት ማዕከል ከፍ ይላል፣ ወደ ኋላም ይሸሻል። ልብ ይበሉ፣ ይህ ትርፍ ስለ መጫን ብቻ የተነገረ አይደለም። በሕጉ ልክ የሞላ ሚኒባስም ኩርባ ላይ እንደ ቤት መኪና ሊነዳ አይችልም።

ነገሩ የሚብሰው በመልስ ጉዞ ነው። ሲሄዱ ፖርቶመጋላው ላይ የነበረው ሻንጣ ነው። ሲመለሱ አክስት አንድ ኩንታል ጤፍ ትጨምራለች፤ አጎት «ለልጆቹ» ብሎ ሽንብራ ያሸክማል፤ መንገድ ዳር ከሰል በርካሽ ይገኛል፤ ሽንኩርትም ይገዛል። በዓል ከሆነ በግም አለ። እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ሁሉም ጣሪያ ላይ ይወጣል። አንድ ኩንታል ወለል ላይ ሲቀመጥና ከሰው ራስ በላይ ሲቀመጥ ለመኪናው አንድ አይደለም፤ ከላይ ሲሆን በየኩርባው መኪናውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ሹፌሩ ለውሻ ወይም ለአህያ መሪውን ድንገት ቢያዞር ደግሞ ለመገልበጥ ያፋጥናል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ወለል ላይ፣ በደንብ ታስሮ፣ በርና መተላለፊያ ሳይዘጋ ይቀመጥ። ካልበቃ ጤፉ በጭነት መኪና ይላክ። አክስት አይቀየሙም፤ ቢቀየሙም ይታረቃሉ።

ወደ ጎማ ስንመጣ፣ ጎሚስታ ቤት የሚቀቡት ጥቁር ቀለም እንዳያታልልዎ። እኛ ማርኬቲንግ ውስጥ ያለን ሰዎች የሚያብረቀርቅ ነገር ምን ያህል እንደሚሸጥ እናውቃለን። ጎማው ጎን ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ዲ ኦ ቲ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አለ፤ መጨረሻው አራት አሃዝ ነው። ለምሳሌ 2319 ቢል፣ ጎማው በፈረንጆቹ 2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ጎማ ሳይነዳበትም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። አምስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ በባለሙያ መታየት አለበት፤ 10 ዓመት የሞላውን ደግሞ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አይሳፈሩበት። ጥርሱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ የላስቲክ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ተበልቶ ከጉብታው ጋር እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ጎማው አብቅቶለታል። ስኮርታውንም እንዲያወርድልዎ ይጠይቁ። የተላጨ ስኮርታ ያለው መኪና ስለ ሌሎቹ አራት ጎማዎች ብዙ ይነግርዎታል።

ንፋሱም አለ። አምራቹ ስንት መሞላት እንዳለበት የሚገልጽ ወረቀት ብዙውን ጊዜ በሹፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል። የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ሲሽከረከር በየዙሩ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ያግለዋል፤ ሙቀቱ ከጭነትና ከፍጥነት ጋር ሲደመር ያፈነዳዋል። ከአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ተነሥተው በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ሙቀት ሲወርዱ የሚፈተነው ይህ ነው። ሚኒባሱ የራስዎ ከሆነና እርስዎ የሚነዱት ከሆነ አንድ ነገር ይያዙ፦ የኋላ ጎማ ሲፈነዳ ፍሬን አይርገጡ። መሪውን በሁለት እጅ ቀጥ አድርገው ይዘው፣ እግርዎን ከነዳጁ ላይ አንሥተው፣ መኪናው በራሱ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።

የፍሬኑ ነገር ከከተማ ሲወጡ ነው የሚገለጠው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲናም እንዲሁ ይወረዳል። በእንዲህ ዓይነት መንገድ እግሩን ከፍሬን ላይ የማያነሣ ሹፌር የመኪናውን ክብደት በሙሉ ወደ ሙቀት እየቀየረ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዲ ኦ ቲ 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት ሲገባበት ይህ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይፈጠራል፤ ያኔ ሹፌሩ ሲረግጥ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይያዝም። «ፍሬን እምቢ አለ» ከሚባሉት ታሪኮች አንዳንዶቹ፣ በየሁለት ዓመቱ ሊቀየር ይገባው የነበረ ርካሽ ዘይት ታሪክ ናቸው። ስለዚህ ከባለንብረቱ ጋር ሲነጋገሩ «ፍሬኑ ደኅና ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ችግር የለውም» ነው። «የፍሬን ዘይቱ መቼ ተቀየረ? ፓስቲሊውስ?» ብለው ይጠይቁ። የሚያውቅ ሰው ወሩን ይነግርዎታል።

ጥሩ ሹፌር ቁልቁለቱን የሚጀምረው ከአፋፉ ላይ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ነው፤ ሞተሩ ጮኽ ብሎ መኪናውን ይይዘዋል፣ ፍሬኑን የሚነካው በየመሃሉ ነው። ድምፁ ስለሚረብሽ ተሳፋሪው «ምነው አስጮኽከው?» ይላል። ተዉት ይጩኽ። ሊያስፈራዎት የሚገባው ጸጥታው ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ አድርጎ የሚወርድ ሹፌር አለ፤ ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርድም አይጠፋም። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል አብሮ ይጠፋል፣ መሪውም ይከብዳል። የተቃጠለ ነገር ከሸተተዎት አስቁሙ ይበሉ፤ ሰው ወርዶ ሻይ ይጠጣ፣ ፍሬኑም ይቀዝቅዝ። ውኃ አያፍሱበት፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን ስለ ሹፌሩ። ሠርገኛ ሲያመላልስ ያመሸ ሹፌር ከሌሊቱ 10 ሰዓት የእርስዎን ቤተሰብ ሊያነሣ ይመጣል። ስትገናኙ ፊቱን ታጥቧል፣ ጫት ወይም ቡና ይዟል፣ ደኅና ይመስላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ ለሦስት ሰከንድ ዐይኑ ቢከደን 66 ሜትር ያለ ሹፌር ሄዳችኋል። ሌሊት ከሆነ ደግሞ መንገዱ ላይ ያለ መብራት የቆመ ሲኖትራክ፣ ምልክት ተብሎ የተደረደረ ድንጋይ፣ የሚተኙ ከብቶች አሉ። ጠዋት ሲነጋ መነሣት፣ ሳይመሽ መግባት ከተቻለ ከማንኛውም መሣሪያ ይሻላል።

ደግነታችንም እዚህ ላይ ያስቸግራል። ሠርግ ቤት ስንደርስ «ሹፌሩንም አጉርሱት፣ ቅመስ በሉት» እንላለን፤ ጠላውና ጠጁ ይቀርባል። ምግቡ ይቅረብለት፣ መጠጡ ይቅር። ከሁሉ በላይ ግን የት እንደሚያድር ማንም አያስብም። እኛ ሆቴል ስንገባ እሱ ወንበር አጣጥፎ መኪናው ውስጥ ያድራል፤ በማግስቱ ስምንት ሰዓት መንገድ ይነዳል። እኔ በሥራ ጉዞ ውል ላይ የሹፌሩን አልጋና እራት ለብቻ ጽፌ እከፍላለሁ፤ ለባለንብረቱ በጥቅሉ ሲከፈል ገንዘቡ ለአልጋ እንደማይውል ስለማውቅ ነው። የአንድ መጠነኛ አልጋ ዋጋ እርስዎ በክርክር ካስቀነሱት ገንዘብ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው።

ወረቀቶቹን በአጭሩ ልለፋቸው፦ ቦሎው ጊዜው ያላለፈበት፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ የታደሰ፣ መንጃ ፈቃዱ ሕዝብ 1 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ቦሎ ግን መኪናው በተመረመረበት ቀን ማለፉን ነው የሚናገረው፤ ስለ ዛሬው ጎማ አይመሰክርም።

ቀበቶ ላይ ግን እቆማለሁ። ብዙ ሚኒባሶች ሲመጡ ለኋላ ወንበሮችም ቀበቶ ነበራቸው። ቆንጆ የቆዳ ልብስ ሲለበስላቸው ቀበቶው ከሥር ተቀበረ። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን እንዲወጣ ይጠይቁ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሕፃን ታቅፎ መቀመጥም ጥበቃ አይደለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ላይ ግጭት ቢደርስ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በየትኛውም እናት ክንድ ሊያዝ በማይችል ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል። መኪናው ውስጥ ቀበቶ የሌለው ወንበር ካለ አዋቂ ይቀመጥበት ማለት አይደለም፤ ሌላ መኪና ይፈልጉ ማለቴ ነው።

እንግዲህ ስልክ ሲደውሉ ንግግሩ እንዲህ ቢሆንስ? «የጠየቁትን ዋጋ እከፍላለሁ። ከመነሻችን አንድ ቀን በፊት መኪናውን ላየው እፈልጋለሁ። መንገድ ላይ ሰው አይጫንም። ሹፌሩ ቀድሞ ያለው ሌሊት ሥራ አይኖረውም።» አንዳንዱ «እንዲህ ከሆነ ይቅርብኝ» ይልዎታል። አንዳንዱ ደግሞ «ነገ ጠዋት መጥታችሁ እዩት» ይላል።

ይህ ሁሉ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ስለሚደረግ ጉዞ ነው። የልጆችዎ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ የሚያስገርመው፣ እሱንም የምንመርጠው በወር ክፍያውና በሰዓት አክባሪነቱ ነው። ለሁለት በተሠራ ወንበር አራት ልጆች የሚቀመጡበት፣ አንዱ ሞተር ላይ የሚሰየምበት ሰርቪስ በየሰፈራችን አለ። ረዳት መኖሩን ያጣሩ፤ ልጆች ሲወርዱ በር የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ይሁን፣ መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ወርዶ ይቁም፤ ትንሽ ልጅ ከመኪናው ጀርባ ሲያልፍ በስፖኪዮ አይታይም። የመጨረሻው ልጅ ከወረደ በኋላም እስከ ኋላ ወንበር ሄዶ ይይ፤ የተኛ ልጅ ወንበር ሥር ተንሸራትቶ ሊቀር ይችላል። ስንት ልጅ እንደሚጫን ግን ሹፌሩን አይጠይቁ። ማታ እራት ላይ ልጅዎን «ዛሬ አጠገብህ እነማን ተቀመጡ?» ይበሉት፤ በስም እየጠራ ይቆጥርልዎታል።