ሲሮጡ የታጠቁት ቁጠባ፦ የብሪታንያ የአካል ጉዳተኞች ድጎማ ቅነሳ

ነጋዴ ወጪ መቀነስንና መቆጠብን ለይቶ ያውቃል። የጭነት መኪናውን ዘይት መቀየሪያ ያስቀረ ባለንብረት ለአንድ ወር ኪሱ ይሞላለታል፤ ሞተሩ ሲቃጠል ግን ያስቀረውን ብዙ እጥፍ አድርጎ ይከፍላል። የብሪታንያ መንግሥት በአካል ጉዳተኞች ድጎማ ላይ የጀመረው ቅነሳም ከዚህ የተለየ ሂሳብ የለውም።

እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2025 የወቅቱ የሥራና የጡረታ ሚኒስትር ሊዝ ኬንዳል በዓመት ወደ 5 ቢሊዮን ፓውንድ ያድናል የተባለ ዕቅድ ይፋ አደረጉ። ዋናው ዒላማ በአጭሩ «ፒፕ» የሚባለው ክፍያ ነበር። ፒፕ ሥራ ለፈታ ሰው የሚሰጥ መጦሪያ አይደለም። ጉዳቱ የሚያስከትለውን ተጨማሪ ወጪ ይሸፍናል፤ ሠራተኛም ይቀበለዋል። ብዙዎች ወደ ሥራ የሚሄዱበትን ትራንስፖርትና ጠዋት የሚያለብሳቸውን ረዳት የሚከፍሉት በዚሁ ነው።

ዕቅዱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይበጃል። ለዕለት ኑሮ የሚሰጠውን ክፍያ ለማግኘት 8 ነጥብ ያስፈልጋል። ምግብ ለማብሰል መሣሪያ፣ ከወገብ በታች ለመታጠብ የሰው እጅ፣ ሱሪና ጫማ ለማጥለቅ ረዳት፣ ለመጸዳዳትም መሣሪያ የሚሻ ሰው በእያንዳንዱ 2 ነጥብ ይዞ 8 ይሞላል። አዲሱ ሕግ ግን ቢያንስ በአንዱ ተግባር 4 ነጥብ ይጠይቅ ነበር። ይህ ሰው ባዶ እጁን ይቀር ነበር ማለት ነው። የመንግሥት የራሱ ግምት እንዳሳየው 370 ሺህ ተቀባዮች ክፍያቸውን ያጡ ነበር፤ የእያንዳንዱ ኪሳራ በአማካይ በዓመት 4,500 ፓውንድ ነው። በአጠቃላይ ዕቅዱ 250 ሺህ ሰዎችን፣ ከነዚህም 50 ሺህ ሕፃናትን፣ ወደ ድህነት እንደሚገፋ ያው መንግሥት አምኗል።

ለመሆኑ ወጪው ይጠፋል? አይጠፋም፤ መዝገብ ይቀይራል። ረዳት ያጣ ሰው ሥራውን ይለቃል፤ ግብር መክፈሉም ይቆማል። የወደቀ ሰው ሆስፒታል ይገባል። ከገበያ ቀርታ የምታስታምመው እህት ገቢዋን ታጣለች። የሰፈሩ ሱቅም ደንበኛ ይጎድለዋል። አንዱ ኪስ ሲሞላ ሌላው ይቀደዳል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ፒፕ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጀመር የቀድሞውን ድጎማ ወጪ በ20 በመቶ ይቀንሳል ተብሎ ነበር። የአገሪቱ የበጀት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው ሪፖርት ግን አዲሱ አሠራር የቀድሞው ቢቀጥል ከሚያስወጣው ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚበልጥ ወጪ አስከትሏል። ውሳኔ የተቃወሙ አመልካቾች ፍርድ ጉባኤ ፊት ሲቀርቡ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ይረታሉ። ለተሳሳተው ውሳኔም ለክርክሩም የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው።

የቅነሳው ደጋፊዎች የተቀባዩ ቁጥር በፍጥነት ማደጉን ያነሳሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በ2025 በእንግሊዝና በዌልስ ብቻ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፒፕ ይቀበሉ ነበር። ነገር ግን የዚያኑ ዓመት የሥራ ቦታ ድጋፍ ለማግኘት ያመለከቱ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ወንበርና አስተርጓሚ ስላልደረሰው ሥራ መጀመር ያልቻለን ሰው ድጎማውን መንጠቅ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ሰው ወደ ሥራ እንዲመለስ የፈለገ መንግሥት መጀመሪያ ወረፋውን ያሳጥራል።

ገበያውስ ምን አለ? ከ120 በላይ የገዥው ፓርቲ እንደራሴዎች በማመፃቸው ጁላይ 1 ቀን 2025 የፒፑ ቅነሳ ከረቂቁ ወጣ። በማግስቱ የመንግሥት ቦንድ ወለድ ጨመረ፤ ፓውንድም ወረደ። አንዳንዶች «ገበያው ቅነሳው በመሰረዙ ቀጣ» አሉ። ነገር ግን በዚያ ቀን ደላሎችን ያስጨነቃቸው የገንዘብ ሚኒስትሯ ራቸል ሪቭስ በቦታቸው መቆየት አለመቆየታቸውም ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ድጋፋቸውን ካረጋገጡ በኋላ ገበያው ረጋ ብሏል። ገበያ የሚጠላው ድጎማን ሳይሆን ነገ ምን እንደሚሆን አለማወቅን ነው። የበጀት ቀዳዳ ለመድፈን በጥቂት ሳምንት የተሰፋ ዕቅድ ያንኑ አለማወቅ ፈጠረ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዚያ በፊትም በ2016 ተመሳሳይ የፒፕ ቅነሳ ሚኒስትሩን ኢያን ደንካን ስሚዝን በገዛ ፈቃዳቸው ሥልጣን አስለቅቆ፣ ዕቅዱም ተሰርዟል። የለቀቁበት ቀንም ማርች 18 ነበር።

ይሁንና ጉዳዩ አልተዘጋም። በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕግ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ለአብዛኞቹ አዲስ ገቢዎች በሳምንት 97 ፓውንድ የነበረውን የጤና ተጨማሪ ክፍያ ወደ 50 አውርዶታል። አንድ ዓይነት ጉዳት ያለባቸው ሁለት ሰዎች ባመለከቱበት ቀን ብቻ ግማሽ ያህል ይለያያሉ። ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ቢኖር ደንበኛው በማግስቱ ይሸሸው ነበር። አካል ጉዳተኛው ግን የሚሸሽበት ሌላ ሱቅ የለውም። ስለዚህ ቀጣዩን በጀት የሚያዘጋጁ ሰዎች የሚቆረጠውን ከመጻፋቸው በፊት፣ ቁራጩ በየትኛው መዝገብ ዕዳ ሆኖ እንደሚመለስ አብረው ይጻፉት።